ሰባተኛው እርምጃ፤ የሂንዱ ሠርግ እንደ ተውኔት ሲመረመር

የሕንድ ፊልም በኢትዮጵያ ሲኒማ ቤቶች ለብዙ ዘመን ታይቷል። ከዚህም የተነሣ ቋንቋውን የማያውቀው ተመልካች ሳይቀር የሂንዱን ሠርግ በምስል ያውቀዋል፤ በአበባ ጉንጉን የተሸፈነውን ዳስ፥ በመካከሉ የሚነደውን እሳት፥ ልብሳቸው በአንድ ተቋጥሮ እሳቱን የሚዞሩትን ሙሽሮች፥ በሙሽሪት የፀጉር ስንጥቅ ላይ የሚቀባውን ቀይ ዱቄት፥ በመጨረሻም የመለያየቱን እንባ። ከዚህ ሁሉ ትርኢት የጎደለ አንድ ነገር አለ፤ ቃሉ። ካህኑ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ሲጀምር ሙዚቃው ይነሣና ድምፁን ይውጠዋል። ተመልካቹ ዙረቱን ይቆጥራል እንጂ በዙረቱ ምን እንደ ተባለ አይሰማም።

ይህ የውጭ አገር ተመልካች ዕጣ ብቻ አይደለም። ቃሉ የሚደገመው በሳንስክሪት ስለሆነ እሳቱን ከሚዞሩት ሙሽሮች መካከልም አብዛኞቹ አይሰሙትም። የግዕዝ ቅዳሴ እየሰማ ያደገ አንባቢ፥ የሚከበር እንጂ የማይገባ ቋንቋ ሰውን እንዴት አድርጎ እንደሚያስር ለመገመት አይቸገርም። ነገር ግን የሂንዱ ሠርግ ከሥርዓትነቱ ባሻገር ተውኔት ነው። መድረክ አለው፥ ገጸ ባሕርያት አሉት፥ የመድረክ ቁሳቁስ አለው፥ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የዘለቀ ቃለ ተውኔትም አለው። ተውኔት ከሆነ ዘንድ ማንኛውም ተውኔት የሚጠየቀውን ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ማን ይናገራል? ማን ዝም ይላል? ጡዘቱስ የት ላይ ነው?

ከጽሑፎቹ ሁሉ የቀደመው በሪግ ቬዳ አሥረኛ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው 85ኛው መዝሙር ነው። መዝሙሩ በ47 አንቀጾች የፀሐይ አምላክ ልጅ ሱርያ ለሶማ የተዳረችበትን ሰማያዊ ሠርግ ይተርካል፤ ዛሬም በዳሱ ውስጥ ከሚደገሙት ቃላት ብዙዎቹ ከዚሁ የተወሰዱ ናቸው። በልማድ የመዝሙሩ ባለቅኔ ራሷ ሙሽራዋ ሱርያ እንደ ሆነች ይነገራል። ይህ ሊዘነጋ የማይገባው ነጥብ ነው፤ ወደ ኋላ እንደሚታየው፥ በልማድ አንዲት ሙሽራ ስለ ራሷ ሠርግ የገጠመችው ቃል ዘመናት ባለፉ ቁጥር ከሙሽራ አፍ እየራቀ የካህንና የወንድ ድርሻ ሆኗልና። በዚያው መዝሙር ውስጥ ሙሽሪት ወደ ባሏ ቤት ስትገባ በአማቶቿና በባሏ ወንድሞች ላይ ንግሥት ትሆን ዘንድ ይመረቅላታል። የሕንድን ቤተሰብ ኑሮ ያጠና ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ወደ ባሏ ቤተሰብ የምትገባው አዲስ ምራት በቤቱ ውስጥ ከሁሉ በታች ናት። ምርቃቱና ኑሮው እንዲህ ተራርቀው ሳሉ ምርቃቱ ሦስት ሺህ ዓመት ያህል ሳይቋረጥ መደገሙ ብቻውን የሚያስገርም ነው።

ከመዝሙሩ በኋላ የመጡት ግርህያ ሱትራ የተባሉት የቤት ሥርዓት መጻሕፍት ናቸው። የአሽቫላያናና የፓራስካራ ከእነዚህ መካከል የታወቁት ሲሆኑ፥ አጻጻፋቸው ከጸሐፌ ተውኔት የመድረክ መመሪያ ብዙም አይለይም፤ ማን ወደ የትኛው አቅጣጫ ፊቱን እንደሚያዞር፥ በየትኛው እግር እንደሚራመድ፥ መቼ ቅቤ ወደ እሳቱ እንደሚጨመር፥ መቼ ዝም እንደሚባል ባጭር ባጭሩ ያዛሉ።

ይሁን እንጂ አንድ ወጥ የሂንዱ ሠርግ የለም። በኬረላ ከብዙ ማኅበረሰቦች ዘንድ ጥቂት ደቂቃ የሚበቃው ሥርዓት በሰሜን ሌሊቱን ሙሉ ሊዘልቅ ይችላል። በቤንጋል ሙሽሪት ፊቷን በቤተል ቅጠል ሸፍና በዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ትቀመጣለች፤ ወገኖቿ ተሸክመዋት ሙሽራውን ሰባት ጊዜ ያዞሯትና ቅጠሉን ስታወርድ ሁለቱ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። በታሚል ብራህማኖች ዘንድ ያለው «ካሺ ያትራ» ደግሞ ሙሉ አስቂኝ ትዕይንት ነው። ሙሽራው በሠርጉ ማለዳ ጥላና ምርኩዝ ይዞ ዓለምን ንቆ ሊመንን ወደ ካሺ፥ ማለትም ወደ ቫራናሲ፥ ለመሄድ ይነሣል። የሙሽሪት አባት መንገድ ላይ ያገኘውና የትዳር ኑሮም ክቡር መሆኑን አስረድቶ፥ ልጁን ሊሰጠው ቃል ገብቶ ይመልሰዋል። ሁሉም እንደሚመለስ ያውቃል፤ ጥላው አዲስ ነው፥ ጫማውም ለረጅም ጉዞ የሚሆን አይደለም። ግን በሳቁ ውስጥ ቁም ነገር አለ። ወንዱ ምርጫ እንዳለው፥ ዓለምን ትቶ መሄድ እንደሚችል፥ የሚገባውም ተለምኖ መሆኑን መድረኩ ያሳያል። ለሙሽሪት ግን የሚተካከል ትዕይንት አልተጻፈላትም። ወደ ካሺ ልሂድ ብላ የምትነሣ፥ የምትለመንና የምትመለስ ሙሽራ የለችም።

የሴቶቹ ድርሻ በሌላ ቦታ ይገኛል፤ በዘፈን። በሰሜን ሕንድ የሙሽራው ወገን ሲደርስ የሙሽሪት ወገን ሴቶች «ጋሊ» የተባለውን የስድብ ዘፈን ያወርዱበታል፤ የሙሽራው አባት ስስት፥ የአጎቱ ቦርጭ፥ የእኅቶቹ ጠባይ ሁሉ በግጥም ይዘረዘራል። ሚዜ ሲሰደብ እየሳቀ የሚቀመጥበትን ሠርግ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ካህኑ በሳንስክሪት የሚለውን ማንም በማይሰማበት ዳስ ውስጥ፥ ሁሉም የሚሰማው ቃል የነዚህ ሴቶች ነው። ሊቃውንቱ ሠርጉን ሲተነትኑ ዘፈኑን እንደ ማጀቢያ ይቆጥሩታል። ከተውኔት አንጻር ሲታይ ግን በሰጪና በተቀባይ ወገን መካከል ያለውን የኃይል ልዩነት ገሃድ የሚያወጣው ብቸኛው ክፍል እርሱ ነው።

ወደ ዳሱ እንግባ። እንግዳው ሙሽራ በማርና በእርጎ ከተስተናገደ በኋላ የሚመጣው «ካንያዳን» ይባላል፤ ትርጉሙ የልጃገረድ ስጦታ ነው። አባት የልጁን እጅ በሙሽራው እጅ ላይ ያኖራል፤ ውሃ ይፈስበታል፤ የሁለቱም ወገን አያት ቅድመ አያት በስም ይጠራል። ውሃው በጣቶቹ መካከል ወርዶ መሬት ሲነካ ስጦታው ተፈጽሟል፤ የፈሰሰ ውሃ እንደማይታፈስ የተሰጠም አይመለስም። በአካልና በቁሳቁስ ብቻ ይህን ያህል የሚናገር ትዕይንት ማግኘት ያስቸግራል። ብዙ አባቶች እዚህ ላይ ያለቅሳሉ። ታላቁ ባለቅኔ ካሊዳሳም የዚህን ኀዘን ጥልቀት አውቆታል፤ «ሻኩንታላ» በተባለው ባለ ሰባት ገቢር ተውኔቱ አራተኛው ገቢር፥ አሳዳጊዋ መነኩሴ ካንቫ ልጂቱን ወደ ባሏ ሲሸኛት፥ ዛፎቹና ያሳደገችው ግልገል አጋዘን ሳይቀሩ መሄዷን ያዝናሉ። ዊልያም ጆንስ ተውኔቱን እ.ኤ.አ. በ1789 ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ካሳተመው በኋላ የአውሮፓን ባለቅኔዎች ልብ ከነኩት ክፍሎች አንዱ ይህ ነበር።

የሚገርመው ሻኩንታላ በስጦታ የተዳረች አለመሆኗ ነው። የማኑ ሕግ ከሚቆጥራቸው ስምንት የጋብቻ ዓይነቶች መካከል የእርሷ «ጋንድሃርቫ» የተባለው ነው፤ ሁለቱ ተዋደው ያለ ካህንና ያለ ወላጅ የሚፈጽሙት። ምስክር አልነበራትም፤ የነበራት አንድ ቀለበት ነው፤ ቀለበቱም ውሃ ውስጥ ወደቀ። ንጉሡ ዱሽያንታ በእርግማን ምክንያት ረስቷት በሸንጎ ፊት አላውቃትም ሲል፥ የራሷን ጋብቻ በራሷ ቃል ለማስረዳት የቆመችው ሴት አላሳመነችም። ካሊዳሳ እርግማኑን ያስገባው ንጉሡን ከበደል ነጻ ለማውጣት እንደ ሆነ ብዙ ተብሏል፤ በማሃባራታ ውስጥ በሚገኘው ጥንታዊ ትረካ እርግማን የለምና። ያም ሆነ ይህ በሸንጎው ትዕይንት የሚታየው እውነት አንድ ነው። የሴቲቱ ቃል ያለ ቁሳቁስ አይታመንም።

ለካንያዳን ፍትሕ መስጠት ያስፈልጋል። የማኑ ሕግ ራሱ በልጁ ፈንታ ዋጋ የሚቀበልን አባት ይነቅፋል፤ በክፍያ የሚፈጸመውን ጋብቻም በአጋንንት ስም «አሱራ» ብሎ ዝቅ ያደርገዋል። እንግዲህ «ስጦታ» የሚለው ቃል መጀመሪያ የቆመው ከ«ሽያጭ» በተቃራኒ ነው፤ ልጅ አትሸጥም ለማለት። ሐሳቡ በዘመኑ ክቡር ነበር። ግን የማይሸጥ ስጦታም ቢሆን ስጦታ ነው፤ ስጦታ አፍ የለውም። በሰጪውና በተቀባዩ መካከል ሲያልፍ ምን ተሰማህ ተብሎ አይጠየቅም። በዋናው መግቢያ የተከለከለው ዋጋ በጓሮ በኩል እንዲገባ መንገድ የከፈተውም ይኸው ዝምታ ነው፤ ለሰጪ የሚከፈል ቢወገዝም ለተቀባይ የሚጨመር ግን የስጦታው ጌጥ ተባለ።

ይህ ጭማሪ «ደሄጅ» ይባላል። በአማርኛ ጥሎሽ ብሎ መተርጎም ያሳስታል፤ ጥሎሽ ከወንዱ ወገን ወደ ሴቲቱ ሲሄድ ደሄጅ ከሴቲቱ ወገን ወደ ወንዱ ነውና። ስለ ደሄጅ ከተጻፉት ሁሉ እንደ ራቢንድራናት ታጎር «ዴና ፓኦና» ባጭሩ አንጀት የሚቆርጥ የለም። ታጎር ይህን አጭር ልቦለድ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ራምሱንዳር የተባለ አባት አንዲት ልጁን ኒሩፓማን ለአንድ ባለ ማዕረግ ልጅ ለመዳር አሥር ሺህ ሩፒ ቃል ይገባል፤ በሠርጉ ቀን ገንዘቡ አልሞላም። የሙሽራው አባት ሥርዓቱን ሊያስቆም ሲል ሙሽራው ራሱ ይነሣና መሸጥ መግዛት አላውቅም፥ ላገባ መጥቻለሁ ብሎ ያገባል። አንባቢ እፎይ ይላል፤ ታሪኩ በደስታ የሚያልቅ ይመስላል። ታጎር ግን ጋብቻው የሚጀምረው ዳሱ ከፈረሰ በኋላ መሆኑን ያውቃል። ያ ደፋር ሙሽራ ለሥራ ርቆ ይሄዳል፤ ኒሩፓማ በአማቶቿ ቤት እንደ መያዣ ትቀራለች። አባቷ መኖሪያ ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን ሲያመጣ እርሷ ራሷ እንዳይከፍል ትከለክለዋለች፤ ዋጋዋ ገንዘቡ እስካለ ድረስ ብቻ የሆነ ከረጢት እንዳልሆነች ትነግረዋለች። በታሪኩ ውስጥ ከልቧ የምትናገርበት ጊዜ ይህ ነው፤ ለዚህም ንግግር በሕይወቷ ትከፍላለች። ታምማ ስትሞት አማቶቿ በሰንደል እንጨት ደምቆ የሚወራለት ቀብር ያደርጉላታል። ባሏ ሚስቴን ላኩልኝ ብሎ ሲጽፍ እናቱ የምትመልስለት ሌላ ልጃገረድ እንደተገኘችለት ነው፤ ዋጋውም በዚህ ጊዜ ሃያ ሺህ፥ በእጅ የሚቆጠር።

የደሄጅ ክልከላ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ በደሄጅ ምክንያት የሚደርስ ሞት ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ በወንጀል ሕጉ የገባው በ1986። ሆኖም በ2022 ዓመት ብቻ በመላ ሕንድ የተመዘገቡት የዚህ ዓይነት ሞቶች ከ6000 በላይ ናቸው። ኒሩፓማ የሥነ ጽሑፍ ገጸ ባሕርይ ብቻ ሆና አልቀረችም።

ከካንያዳን በኋላ ሙሽራው የሙሽሪትን እጅ ይይዛል፤ ከዚያም የእሳቱ ክፍል ይጀምራል። ወንድሟ የሩዝ ፈንድሻ በእፍኟ ይሞላላታል፤ እርሷም ወደ እሳቱ ትጨምራለች። በፓራስካራ መጽሐፍ በዚህ ጊዜ የሚደገመው ቃል ለባለቅኔ ጆሮ የሚገርም አሠራር አለው፤ ስለ ሙሽሪት በሦስተኛ ሰው፥ «ይህች ሴት» በሚል ዓይነት ጀምሮ፥ ለባሏ ዕድሜ ስትለምን ግን «ባሌ» ወደሚለው አንደኛ ሰው ይሻገራል። ገጸ ባሕርይዋ ስለ እርሷ ሲወራ ቆይቶ በአንድ ዓረፍተ ነገር መካከል የራሷን ድምፅ ያገኘች ያህል ነው። ቀጥሎ እግሯን በወፍጮ ድንጋይ ላይ አኑራ እንደ ድንጋዩ ጽኑ እንድትሆን ይነገራታል። ለወንዱ ድንጋይ አልተዘጋጀለትም።

ከዚያ ሰባቱ እርምጃዎች ይመጣሉ። «ሳፕታፓዲ» ይባላሉ። አሽቫላያና እንደሚያዘው ሙሽራው ሙሽሪትን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሰባት ጊዜ ያራምዳታል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ነገር ይጠራል። የመጀመሪያው ለምግብ፥ ሁለተኛው ለብርታት፥ ሦስተኛው ለሀብት፥ አራተኛው ለደስታ፥ አምስተኛው ለልጆች፥ ስድስተኛው ለወቅቶች ነው። ሰባተኛው በምንም ጥቅም ላይ አያርፍም፤ ጓደኛ ሁኚ ይላታል። ቅደም ተከተሉን ያቀናበረው ሰው ማንም ይሁን ማን ጸሐፌ ተውኔት ነበር። ከጎተራው ተነሥቶ፥ በሰውነት ጉልበት፥ በንብረትና በልጅ አልፎ፥ በዓመቱ ዑደት በኩል ዞሮ፥ ባልም ሚስትም፥ ጌታም ገረድም ወደማይል አንድ ቃል ይደርሳል። በሳንስክሪት «ሳካ» የሚለው ቃል የትዳር ቃል አይደለም፤ ሁለት ወንድ ባልንጀሮች፥ ሁለት የጦር ጓደኞች የሚጠራሩበት የእኩያ ቃል ነው። ጥቂት ቀደም ብሎ በውሃ ተላልፋ የተሰጠችው ልጅ በሰባተኛው እርምጃ ላይ በእኩያ ስም ትጠራለች።

ሁለት የማይታረቁ ሐሳቦች በአንድ መድረክ ላይ መቆማቸው እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ስጦታ ጓደኛ አይሆንም፤ ጓደኛም አይሰጥም። ሥርዓቱን የጠበቁት ሊቃውንት ሁለቱን እንደ አንድ ሰንሰለት ቀለበቶች ያዩአቸዋል፤ ይህ ግን የተውኔቱን ውስጣዊ ግጭት መሸፈን ነው። ታላቅነቱ ካለ በዚህ ግጭት ላይ ነው ያለው። ጉድለቱም ከዚያው አይርቅም፤ በአሽቫላያና ጽሑፍ ሰባቱንም ቃል የሚናገረው ሙሽራው ነው፤ የሙሽሪት መልስ አልተጻፈም። ጓደኝነት በአንድ አፍ ብቻ ይታወጃል። ሁለት ሰዎች የሚጫወቱት፥ አንዱ ብቻ የሚናገርበት ቃለ ተውኔት!

መልሱ የሚገኘው በሌላ መጽሐፍ ነው። በማሃባራታ የደን መጽሐፍ ውስጥ ባሏን ራሷ የመረጠች ሳቪትሪ የምትባል ልዕልት አለች። ሳትያቫን በዓመቱ እንደሚሞት ተነግሯት ሳለ ምርጫዋን አልለወጠችም። ቀኑ ሲደርስ የሞት አምላክ ያማ በገመዱ የባሏን ነፍስ አስሮ ይዞ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ሳቪትሪ ትከተለዋለች። ተመለሺ ሲላት አታለቅስም፥ አትለምንም፤ ሕግ ትጠቅስበታለች። ሰባት እርምጃ አብረው የሄዱ ወዳጆች እንደሚሆኑ ጠቢባን መናገራቸውን ታስታውሰውና፥ አሁን ካንተ ጋር ተራምጃለሁ፥ ስለዚህ በወዳጅነት የምነግርህን ስማ ትለዋለች። በሠርጉ ዳስ ውስጥ ለእርሷ የተነገረውን ቃል አንሥታ ሞትን ራሱን በእርሱ ታስረዋለች! ከዚያ በኋላ በንግግሯ ጥበብ አንዱን ስጦታ ከሌላው እያስከተለች ትቀበለዋለች፤ የአማቷን ዓይን፥ የጠፋ መንግሥቱን፥ ለአባቷ ወንዶች ልጆችን፥ ለራሷም ከሳትያቫን የሚወለዱ መቶ ልጆችን። ያማ የመጨረሻውን ከሰጠ በኋላ ባል ሳይኖር ልጅ እንዴት ይሆናል ስትለው የሚመልሰው የለውም፤ ነፍሱን ይፈታል።

ሂንዱ ሴቶች በየዓመቱ በሳቪትሪ ስም ይጾማሉ፥ በዋርካ ዛፍ ግንድ ላይ ክር ይጠመጥማሉ። ልማዱ ሳቪትሪን የታማኝ ሚስት ምሳሌ አድርጎ አስቀርቷታል፤ ታማኝነቷ እውነት ነው፥ ግን ሞትን ያሸነፈችው በታማኝነት ብቻ አልነበረም። በአንደበቷ ነበር። ሳቪትሪ መልስ የሰጠች ሙሽራ ናት።

ወደ ሸራው ስንመለስ፥ የዘመናችንን የሠርግ አምሮት ከሁሉ በላይ የቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የሱራጅ ባርጃትያ «ሃም አፕኬ ሄን ኮን» ነው። አሥራ አራት ዘፈኖች ያሉትና ከሦስት ሰዓት የሚበልጥ ይህ ፊልም በከፊል ራሱ የሠርግ ቪዲዮ ነው ማለት ይቻላል። መልካም ጎን አለው። የሙሽሪት እኅት የሙሽራውን ጫማ ደብቃ ገንዘብ የምትጠይቅበት ጨዋታ ከሰሜን ሕንድ ልማድ በቀጥታ የተወሰደ ነው፤ ሁሉን ሰጪ የሆነው ወገን አንድ ጊዜ እንኳ ተቀባይ የሚሆንበትን ይህን ትንሽ በቀል ዳይሬክተሩ በትክክል አይቶታል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ብልጽግና ውስጥ ሰው የሚያስጨንቅ ሒሳብ የለም፤ ሁሉም ወገን ደግ፥ ሁሉም ቤት ሰፊ ነው። የታጎር ራምሱንዳር በዚያ ቤት በር ላይ ቢደርስ ምን ይደረግለት እንደነበር ፊልሙ አይጠይቅም። የሚራ ናይር «ሞንሱን ዌዲንግ» በአንጻሩ በ2001 በቬኒስ የወርቅ አንበሳ የተሸለመው በከንቱ አይደለም። በዴልሂ አንድ የፑንጃብ ቤተሰብ ለሠርግ ሲሰናዳ፥ ዝም ስትል የኖረች ልጅ በሕፃንነቷ የደረሰባትን በደል በተሰበሰበው ዘመድ ፊት ትናገራለች፤ አሳዳጊዋም በብዙ ማመንታት በኋላ ባለ ውለታውን በዳይ ከሠርጉ ያባርራል። ዳሱን የሚያቆመው ሰውና የቤት ሠራተኛዋም በዚያው ሰሞን በጥቂት ሰው ፊት ይጋባሉ። በዚህ ፊልም ሠርጉን ሠርግ የሚያደርገው ከአበባው ይልቅ በዳሱ ጥላ ሥር የተነገረው እውነት ነው።

የሠርጉን ቃል ራሱን ለመለወጥ የተነሡም ነበሩ። ጆቲራኦ ፉሌ እ.ኤ.አ. በ1873 ባቋቋመው የሳትያሾዳክ ማኅበር ያለ ብራህማን ካህን የሚፈጸም ሠርግ አስጀመረ። የሠርጉን ስንኞችም ሕዝቡ በሚሰማው በማራቲ ገጠማቸው፤ በእነርሱም ሙሽሪት አፍ አውጥታ ሴቶች ነጻነት የተነፈጉ መሆናቸውን ትናገራለች፥ ሙሽራውንም የሴትን መብት እንዲያከብር በቃሉ ታስረዋለች። በደቡብም ፔሪያር ራማሳሚ በ1925 የጀመረው የራስን ማክበር እንቅስቃሴ ካህኑን፥ እሳቱንና ሳንስክሪቱን አንድ ላይ አስወገደ። እነዚህ ሠርጎች ለብዙ ዓመታት በሕግ ፊት ጋብቻ ሳይባሉ ቆይተው በ1967 የታሚል ናዱ መንግሥት ባወጣው ማሻሻያ ጸኑ። ማሻሻያው ተጋቢዎቹ በዘመድ ወዳጅ ፊት፥ ሁለቱም በሚሰሙት ቋንቋ፥ አንዱ ሌላውን ማግባቱን እንዲናገር ይፈቅዳል። ሕግ እንዲህ ያለ ቅኔ ሲጽፍ እምብዛም አይታይም። ፔሪያር በእሳቱ የጣለውን ውበት ሁሉ አላስተዋለም ይባል ይሆናል፤ የሩዙ ፈንድሻ፥ ድንጋዩ፥ ሰባቱ እርምጃ ከነአቅጣጫቸው ቀርተዋል። ነገር ግን ዳሱ ውስጥ ማን እንደሚናገር ከሊቃውንቱ ይልቅ እርሱ ጠይቋል።

በመላ አገሪቱ የሚሠራው የ1955 የሂንዱ ጋብቻ ሕግ በሌላ መንገድ ሄዷል። ሰባቱ እርምጃዎች የሥርዓቱ ክፍል በሆኑበት ሁሉ ጋብቻው የሚጸናው ሰባተኛው እርምጃ ሲፈጸም መሆኑን ይደነግጋል፤ እርምጃውም ሙሽራውና ሙሽሪት «በአንድነት» የሚወስዱት እንደ ሆነ ይገልጻል። አሽቫላያና ሙሽራው ያራምዳት ሲል የ1955ቱ ሕግ አውጪ ሁለቱም ይራመዱ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ካንያዳን ለጋብቻው መጽናት አስፈላጊ እንዳልሆነ ወሰነ። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሠርግ የዘፈንና የጭፈራ፥ የመብልና የመጠጥ ግብዣ ብቻ እንዳልሆነ፥ ሥርዓቱ ካልተፈጸመም የምዝገባ ወረቀት ብቻውን ጋብቻን እንደማያቆም አስታወቀ። ዳኞቹ ሳያስቡት የተውኔት ሒስ ሠርተዋል፤ ጡዘቱ በውሃው ላይ ሳይሆን በሰባተኛው እርምጃ ላይ ነው ብለዋል።

ፍርዱ ግን ቃሉን ለማንም ጆሮ አያደርስም። ያን የሚያደርጉት ዛሬ ሴቶች ካህናት ናቸው። በፑኔ ጅናና ፕራቦዲኒ የተባለው ድርጅት ሴቶችን ለክህነት አሠልጥኖ ሥርዓቱን በማራቲ እያስረዱ እንዲፈጽሙ አድርጓል፤ በኮልካታም ካንያዳንን ትተው፥ ሳንስክሪቱን በቤንጋልኛ እያብራሩ የሚያጋቡ ሴቶች አሉ። በፉሌና በፔሪያር መንገድ ያልሄዱ ናቸው፤ እሳቱን አላጠፉም። በአሮጌው መድረክ ላይ ቆመው አሮጌውን ቃል እንዲሰማ አድርገው ይናገሩታል። ይህ ከሁለቱ የሚሻል ይሁን አይሁን ወደፊት የሚታይ ቢሆንም፥ እንደ ዝግጅት ግን ከሁሉ ይልቅ የከበደው ነው፤ መድረኩን ማፍረስ በላዩ ላይ አዲስ ትርጓሜ ከማቆም ይቀላልና።

የአሽቫላያና መመሪያ ከሰባቱ እርምጃ በኋላ የሚያዘው አንድ ነገር ቀርቷል። ሙሽሪት እስኪመሽ ዝም ብላ ትቆያለች። ጨለማው ሲወርድ ወደ ውጭ ወጥታ የማይንቀሳቀሰውን የሰሜን ኮከብ ድሩቫን፥ ከሰባቱ ጠቢባን ከዋክብት መካከል በባሏ አጠገብ በትንሹ የምታበራውን አሩንዳቲን ትመለከታለች፤ ዝምታዋንም እዚያ ላይ ትፈታለች። መጽሐፉ የሚሰጣት ቃል ስለ ባሏ ዕድሜና ስለ ልጆች የሚለምን ነው። ካሊዳሳ «ኩማራሳምባቫ» በተባለው ቅኔው የሺቫንና የፓርቫቲን ሠርግ ሲተርክ ይህን ትዕይንት አልዘለለውም። ለሺቫ ስትል በተራራ ላይ በጾምና በብሕትውና ሥጋዋን ያደከመች ይህች አምላክ በሠርጓ ቀን ብዙ አትናገርም። ባሏ ኮከቡን እንድታይ ሲነግራት ቀና ትላለች፤ ኀፍረት ጉሮሮዋን ይዞት፥ ማየቷን በአንዲት ቃል ትመልሳለች።